ሶሻል ወርክ 3ኛ ዓመት ነኝ፤ ፕራክቲከም (የመስክ ልምምድ) ልንወጣ ነው። እንዴት ልዘጋጅ?

የወሎ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ለፊልድ ፕራክቲከም እንወጣለን። የቀረበልን ምርጫ የወረዳ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ሆስፒታል እና አንድ ሕፃናት ላይ የሚሠራ ድርጅት ነው። ሲኒየሮቻችን "ወረዳ ከደረሰሽ ፎቶ ኮፒ ስታነሺ ነው የምትከርሚው" ብለው አስፈራርተውኛል።

የትኛውን ባስቀድም ይሻላል? ፕሮሰስ ሪኮርዲንግ የሚባለውን (ከባለጉዳይ ጋር የተነጋገሩትን ጽፎ መተንተን) ክላስ ላይ በስላይድ ብቻ ነው ያየነው፤ በተግባር እንዴት ነው የሚጻፈው? ሰው ቤት ስገባ "ምን ይዘሽልን መጣሽ?" ቢሉኝስ ምን እላለሁ? የመውጫ ፈተናውም ከወዲሁ እያስጨነቀኝ ነው። አባቴ ደግሞ እስካሁን "ነርስነት ነው ወይስ የቀበሌ ሥራ ነው የምትማሪው?" ይለኛል። ለእሱም የሚሆን መልስ ያለው ካለ አልጠላም።

ጎንደሬው፦
እህቴ፣ ወረዳን አትናቂ። እኔ ተመርቄ የሠራሁት እዚያው ነው። ሕፃናት ላይ የሚሠራው ድርጅት ጋ ብትሄጂ የምታገኚው ሕፃናትን ብቻ ነው። ወረዳ ግን ጧሪ ያጣ አዛውንት፣ ቀለብ የተከለከለች እናት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ከስደት ተመላሽ፣ ሁሉም በአንድ በር ነው የሚገቡት። ክላስ ላይ ስለ ሴፍቲኔት ተምረሻል፤ በ1997 ዓ.ም. እንደተጀመረ፣ መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ፣ የማይችለው በቀጥታ ድጋፍ እንደሚታቀፍ ታውቂያለሽ። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር፣ ለምን ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚጣላ የምታውቂው ግን ቅሬታ ሰሚው ጠረጴዛ አጠገብ ስትቀመጪ ነው።

ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ያለ ዕቅድ የሄደ ተማሪ ነው። ቢሮው ሥራ ይበዛበታል፤ "ምን ላድርግ?" ብለሽ ከቆምሽ ያለውን ይሰጥሻል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ የመማሪያ ስምምነት ይዘሽ ግቢ። ብዙ አትዘርዝሪ፦ አዲስ ባለጉዳይ ሲመዘገብ አብሬ ልቀመጥ፣ ለቤት ለቤት ጉብኝት ከባለሙያ ጋር ልውጣ፣ አንድ ኬዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልከታተል። ኃላፊው ይፈርምበት። ከፈረመ በኋላ መጠየቅ አይከብድሽም።

ፋይል ደርድሪ ካሉሽም ደርድሪ፣ ግን ፈቃድ ጠይቀሽ አንብቢው። አንድ ጉዳይ የት ላይ እንደቆመ፣ ማን ለማን እንደመራው፣ መልሱ ለምን እንዳልመጣ ከፋይል በላይ የሚያስተምር የለም።

ነጭ ጋዋን፦
እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ እና በጎንደሬው አልስማማም። ጀማሪ ከሆንሽ ሆስፒታል ይሻላል፤ ውጤቱን ቶሎ ታያለሽ። ቤተሰብ ጥሎት የሄደ ሕመምተኛ አለ። መድኃኒት መግዣ ያጣ አለ። ሐኪም "ዳነ፣ ይውጣ" ብሎት የሚሄድበት የሌለው አለ። ያንቺ ሥራ ዘመድ ማፈላለግ፣ የነፃ ሕክምና ማስረጃ ማስጨረስ፣ የጤና መድን አባል መሆኑን ማጣራት፣ ከወረዳው ጋር መደዋወል ነው። ብዙ ሐኪምና ነርስ ግን ምን እንደምትሠሪ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት በየዋርዱ እየዞርሽ ራስሽን አስተዋውቂ፤ ካልታየሽ ማንም ኬዝ አይልክልሽም።

አንድ ነገር በደንብ ያዢ። የተደፈረች ወይም የተደበደበች ሴት ካጋጠመችሽ "ሽማግሌ ይግባበት" የሚል ሰው አጠገብሽ አይጠፋም። አንቺ ግን እርቅ ውስጥ እንዳትገቢ። ወዲያው ለሱፐርቫይዘርሽ አሳውቂ። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት የአንድ መስኮት ማዕከል በአካባቢሽ ካለ፣ ሕክምናውን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ድጋፉን አንድ ቦታ ታገኛለች። ከመውጣትሽ በፊት በከተማሽ ማን የት እንዳለ ከነስልክ ቁጥሩ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ያ ዝርዝር ከማንኛውም ሀንድአውት ይበልጣል።

መምህርት ዘ፦
የዚህ ትምህርት አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ፕሮሰስ ሪኮርዲንግ ልመልስልሽ። ገጹን አራት ቦታ ክፈይው፦ የተባለው ቃል በቃል፣ ያኔ የተሰማሽ፣ ትንተናሽ፣ የሱፐርቫይዘር አስተያየት። ብዙ ተማሪ ሁለተኛውን ባዶ ይተወዋል ወይም "ደስ ብሎኛል" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ሳርም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ምሳሌ ልስጥሽ፣ የፈጠርኩት ነው።
እናት፦ "ልጁ ትምህርት አቁሟል። ምን ላድርግ፣ እጄ ላይ ምንም የለም።"
ተማሪ፦ "አይዞዎት፣ ይስተካከላል።"
ስሜት፦ ጨነቀኝ። ዝም ስትል መቋቋም አቃተኝ።
ትንተና፦ "ይስተካከላል" ያልኩት ለእሷ ሳይሆን ለራሴ ነው። ማድረግ የማልችለውን ተስፋ ሰጠሁ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያቆመው? ምን ተፈጥሮ ነበር?" ብል ኖሮ ትቀጥል ነበር።

እንዲህ ያለ ግማሽ ገጽ፣ ከስላይድ ከተገለበጠ አሥር ገጽ ይሻለኛል። ንግግሩን መጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ ጻፊው፤ ትንተናውን በእንግሊዝኛ ብትጽፊ ችግር የለውም። የዛሬውን ለነገ አታሳድሪ፣ ይጠፋሻል። ሰውየው ፊት ለፊት ሆነሽ ግን አትጻፊ። ስልክሽንም ቦርሳ ውስጥ አድርጊው።

ስለ ምስጢር ደግሞ፦ ስም በኮድ መቀየር ብቻውን አይበቃም። ትንሽ ከተማ ላይ "የ40 ዓመት መበለት፣ አምስት ልጅ ያላት፣ ከገበያው ጀርባ ጠላ የምትሸጥ" ካልሽ ስሟን የጠራሽ ያህል ነው። ቀበሌውን፣ እድሩን፣ ሥራውን አደብዝዢ። ክላስ ላይ ስታቀርቢም አብሮሽ የሚማረው ልጅ የእሷ የአክስት ልጅ ሊሆን እንደሚችል አስቢ።

ኢኮማፕ (ባለጉዳዩን ከዙሪያው ሰዎችና ተቋማት ጋር የሚያገናኘውን ሥዕል) ስትስዪም ከመጽሐፉ ክበቦች አትገልብጪ። የእኛ ሰው ዙሪያ እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ የንስሐ አባት ወይም ሼኽ አለ፣ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ አለ። ባለሱቁን የረሳ ኢኮማፕ ጎዶሎ ነው ባይ ነኝ።

ለአባትሽ ደግሞ፣ ሙያው ትናንት የመጣ እንዳይመስላቸው ንገሪያቸው። ትምህርቱ አዲስ አበባ ላይ በ1959 እ.ኤ.አ. በንጉሡ ዘመን ነው የተጀመረው። ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ ቆየ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተከፈተ። ብዙ ሰው የማያውቀው በመሃል ትውልድ ስለተዘለለ ይመስለኛል።

ታዛቢው፦
ሁሉም ጥሩ ብሏል፣ እኔ ደግሞ መራራውን ልንገርሽ። የሥራ ማስታወቂያ ስታነቢ "ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ተዛማጅ" ነው የሚለው። ከሁሉም ጋር ነው የምትወዳደሪው። ስለዚህ ኤክሴል በደንብ ቻዪ። ድርጅቶች መረጃ የሚሰበስቡት በስልክ ስለሆነ ኮቦ የሚባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ተለማመጂ፣ በነፃ ነው። አማርኛ ብቻ ከሆነ የምትችይው ኦሮምኛ ወይም ሌላ የአካባቢ ቋንቋ ጨምሪ። ሥራ አለ፣ ግን በዲግሪ ብቻ የሚጠብቅሽ የለም።

አምና የወጣሁ፦
ስለ መውጫ ፈተናው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም ተመራቂ ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ በኮምፒውተር ነው፣ ምርጫ ነው። ትምህርት ክፍላችሁ ብሉፕሪንት (ፈተናው ከየትኛው ኮርስ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚያሳይ ዝርዝር) አለው፤ ዛሬውኑ ጠይቂና ከኮርሶችሽ ጋር አስተያዪው።

ተማሪ የሚወድቀው ተመሳሳይ ነገሮች ላይ ነው። የቢስቴክን ሰባት መርሆዎች (ባለሙያ ከባለጉዳይ ጋር ያለው ግንኙነት የሚመራባቸውን) በስም የሚያውቅ ሁኔታ ሲሰጠው ይምታታበታል። ለምሳሌ "ባለጉዳይዋ ወደ ባሏ ልመለስ አለች፤ ባለሙያው አልተስማማም፣ ግን ውሳኔዋን አከበረ" ቢል መርሁ ራስን በራስ የመወሰን መብት ነው፤ ብዙው ግን ተቀባይነት ብሎ ይሞላል። ሕጉንም አትዝለይ፦ የጋብቻ ዕድሜ 18፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ 15፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ የሕፃናት መብት አንቀጽ 36። ታሪኩን ደግሞ ጄን አዳምስንና ሜሪ ሪችመንድን ለይተሽ ያዢ፤ አዳምስ ድሃ ሰፈር ውስጥ ገብታ አብራ ኖረች፣ ሪችመንድ የግለሰብ ኬዝ ሥራን ሥርዓት አስያዘች።

የፕራክቲከም ማስታወሻሽ ለፈተናውም ይጠቅማል። ያየሽው ኬዝ ጎን ቲዮሪውን ጻፊ። እኔ ስትሬንግዝ ፐርስፔክቲቭ (ከባለጉዳዩ ችግር ይልቅ ካለው አቅም መነሳት) የገባኝ እንደዚያ ነው።

ከሜሪላንድ፦
ታናሽ እህቴ፣ ከወዲሁ የምመክርሽ ወረቀት ነው። አንድ ቀን ውጭ እማራለሁ ብለሽ ታስቢ ይሆናል፣ ላታስቢም ትችያለሽ። አሜሪካ ውስጥ የሶሻል ወርክ ዲግሪ ቢያንስ 400 ሰዓት፣ ማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል። የውጭ ዲግሪ የሚገመግመው የአገሪቱ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ነው። ከትራንስክሪፕት በተጨማሪ የመስክ ሥራሽን የሚያስረዳ ማስረጃ ትፈልጊያለሽ። ግምገማው ካለፈልሽ ማስተርሱን የሚያሳጥር ትምህርት ቤት ልታገኚ ትችያለሽ። ከዓመታት በኋላ እዚህ ሆኖ ያንን ማስረጃ ከአገር ቤት ማስመጣት ራስ ምታት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ተዛውሯል፣ መዝገብ ቤቱ ፋይሉን አያገኘውም። ስለዚህ ቀን፣ ሰዓት፣ የሠራሽው ሥራ፣ የሱፐርቫይዘር ስምና ፊርማ በየሳምንቱ ይመዝገብ፤ መጨረሻ ላይ ማኅተም አስመቺበት። የኮርስ አውትላይኖችሽንም አትጣያቸው።

የወሎ ልጅ (ጠያቂ)፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መምህርት፣ የእርስዎን ምሳሌ ለክላሱ ሁሉ ልኬዋለሁ። ወረዳን አንደኛ፣ ሆስፒታልን ሁለተኛ አድርጌ ሞላሁ። "ምን ይዘሽልን መጣሽ?" የሚለው ግን ገና አልተመለሰልኝም። ደግሞ ወረዳው ላይ በሶሻል ወርክ የተመረቀ አንድም ሰው የለም አሉ፤ ታዲያ ማን ነው የሚቆጣጠረኝ?

ጎንደሬው፦
የመጀመሪያውን በር ላይ ጨርሺው። "ተማሪ ነኝ፣ ከባለሙያው ጋር ለመማር ነው የመጣሁት። የምሰጠው ገንዘብም እህልም የለኝም። የሚነግሩኝን ለቢሮው አደርሳለሁ፣ ምን እንደተባለም ተመልሼ እነግርዎታለሁ።" ቅር የሚለው ይኖራል፣ ይሁን። ተመልሼ እነግራለሁ ካልሽ ግን መልሱ "አይሆንም" ቢሆንም ተመለሺ። ከድጋፍ ዝርዝር ወጣሁ ብለው ከሚናደዱት ሰዎች ብዙዎቹን የሚያናድዳቸው መልስ ማጣታቸው ነው። ቡና ካፈሉልሽ ደግሞ ጠጪ፤ ከድሃ ቤት አልጠጣም ማለት ያስቀይማል። ስጦታ ከሆነ ግን በትሕትና መልሺ።

መምህርት ዘ፦
ሁለተኛው የብዙ ተማሪዎች ችግር ነው። ወረዳው ላይ ያለው ሰው በአስተዳደር ይቆጣጠርሻል፦ ሰዓትሽን፣ ምደባሽን። የሙያውን ክትትል ግን ትምህርት ክፍሉ ነው መመደብ ያለበት። ምርጫው ሳይዘጋ በደብዳቤ ጠይቂ፦ በየሳምንቱ የምታገኚው መምህር ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን፣ በአካል ወይስ በስልክ። አንድ መምህር ለብዙ ተማሪ ከተመደበ በቡድን ይሁን በሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ኬዝ ይዞ ይመጣል። ብቻሽን ከምትጠይቂ ወረዳ የሚወጡት በሙሉ ፈርማችሁ ብታስገቡ ቶሎ መልስ ታገኛላችሁ።