የኬሚካል ፋብሪካ ደመወዝ፦ ከማንሃይም እስከ ቫርና

አወያይ፦ ተከራካሪዎቻችን ሦስት ናቸው፤ ከጀርመኗ ማንሃይም፣ ከሉክሰምበርግና ከቡልጋሪያዋ ቫርና። የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ፣ በዩሮስታት፣ የ2024 አኃዝ መሠረት ቀጣሪ ለአንድ ሰዓት ሥራ በአማካይ ጀርመን ውስጥ 43.4 ዩሮ ያወጣል፤ ቡልጋሪያ ውስጥ ደግሞ 10.6። ይሄ የሁሉም ዘርፍ አማካይ ነው፤ በኬሚካልም ልዩነቱ ሰፊ ነው። አንድ ኩባንያ በሁለቱ አገር ለአንድ ዓይነት ሥራ እኩል ይክፈል?

የማንሃይሙ፦ አዎ፣ ይክፈል። አምና ከቡልጋሪያው ፋብሪካችን ሁለት ልጆች ለሥልጠና መጥተው ነበር። ያው የአሲድ ጓንት፣ ያው መነጽር፣ ያው ቫልቭ። ከሌሊት ፈረቃ ስንወጣ አንደኛው የደመወዝ ወረቀቱን በስልኩ አሳየኝ። የኔን ሲሶ አይሞላም። የኔን ለማሳየት አፈርኩ። ጋዝ ቢያመልጥ እኮ የሱም ሳንባ ሳንባ ነው!

የሉክሰምበርጓ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን እኔ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዩሮን ከዩሮ ብቻ አታወዳድር። 43.4 ቀጣሪው የሚያዋጣውን ማኅበራዊ ዋስትናም ይጨምራል፤ ሁሉም ኪስ አይገባም። ቡልጋሪያ የገቢ ግብሩ 10 በመቶ ነው። የኑሮ ዋጋዋም ከአውሮፓ ኅብረት አማካይ 60 በመቶ ገደማ ነው። እኩል ይከፈል ካልን ፋብሪካው ነቅሎ ይሄዳል፤ ያ ልጅ ያለችውንም ያጣል።

የቫርናው፦ እኔ በደርግ ጊዜ ኬሚስትሪ ልማር መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ነኝ። አጠገባችን ዴቭንያ ትልቅ የሶዳ አሽ ፋብሪካ አለ። ጨውና የኖራ ድንጋይ ይገባል፣ ለመስታወት የሚሆን ሶዳ ይወጣል። ያ ሶዳ ቡልጋሪያዊ ሠራው ተብሎ በሩብ ዋጋ አይሸጥም።

ልጄ፣ ሒሳቡን አብረን እናስላው። የጀርመን የኑሮ ዋጋ ከቡልጋሪያ እጥፍ አይሞላም፤ የሥራው ዋጋ ግን አራት እጥፍ ነው። የቀረውን ምን እንበለው? ነቅሎ ይሄዳል ለሚባለውም፣ በሶዳ ሥራ ከደመወዝ በላይ ገንዘብ የሚበላው ኃይል ነው። ዘርፉን የሚያሰጋው ቱርክ ከመሬት የምታወጣው የተፈጥሮ ሶዳ ነው፤ ብዙ ኃይል ስለማይፈልግ ይረክሳል። የጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ ቢኤኤስኤፍም በ2023 በጀርመኗ ሉድቪግስሃፈን ካሉት ሁለት የአሞኒያ ፋብሪካዎች አንዱን እዘጋለሁ ሲል፣ የጋዝ መወደድ ከምክንያቶቹ ዋናው ነበር።

የማንሃይሙ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እኔም እኩል ዩሮ ስል ቸኩያለሁ። እኛን የጠቀመን የአለቃ ደግነት አይደለም። የኬሚካል ሠራተኞች ማኅበር ከአሠሪዎች ማኅበር ጋር ለመላው ዘርፍ ይደራደራል። እዚህ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የሥራ ሳምንቱ 37.5 ሰዓት የሆነው በዚህ ነው። የ2022ቱ የአውሮፓ ኅብረት የዝቅተኛ ደመወዝ መመሪያም የሠራተኛና የአሠሪ የኅብረት ስምምነት ከ80 በመቶ በታች ሠራተኛ የሚሸፍንበት አገር ሽፋኑን የሚያሳድግ ዕቅድ ያውጣ ይላል። ጀርመን ራሷ እዚያ አልደረሰችም።

የሉክሰምበርጓ፦ በድርድር ከሆነ እስማማለሁ። ግን በየአገሩ ይሁን፤ ከብራስልስ፣ ከአውሮፓ ኅብረት፣ አንድ የደመወዝ ታሪፍ አይጫን።

የቫርናው፦ በየአገሩ ይሁን፣ ግን ዓይን ተጨፍኖ አይሁን። አንተ ልጅ፣ የእናንተን የደመወዝ ታሪፍ ሠንጠረዥ ላክልኝ። ወደ ቡልጋርኛ እመልሰውና ለዴቭንያ ልጆች አደርሰዋለሁ።