አንዱ ቀልድ ያስጠይቃል፣ ሌላው ያስቃል፤ ለምን?

ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን የጎጃም ልጆች።

እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ያለኸው ወንድማችን ያነሳኸው ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። ሥራ ቦታህ በጥቁር ላይ የቀለደ ሰው በማግስቱ ቢሮ ተጠራ። ጂፕሲ በሚሏቸው፣ አውሮፓ ውስጥ ተበትነው በሚኖሩት በሮማ ሕዝቦች ላይ (ከሮም ከተማ ጋር አይገናኙም) የቀለደው ግን ተስቆለት ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እኔም እዚያው አገር ብዙ ሠርቼ አሁን ባሕር ዳር ተመልሻለሁና፣ የሚታየኝን ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ነገሩ የሕግ ጉዳይ እንዳይመስልህ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጂፕሲዎችን እንደ አንድ ብሔረሰብ የተቀበላቸው በፈረንጆቹ 1988 ነው። የ2010ሩ የእኩልነት ሕግም ከጥቁሩ ለይቶ አያያቸውም። እንዲያውም ቀልዱ የአንተን ዘር ባይነካም፣ የሥራ ቦታህን ለአንተ የሚያስጠላ ካደረገው ራስህ አቤት ማለት ትችላለህ። ይህን ብዙ አበሻ አያውቅም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ሆኖ ሰዉ ነው የሚያዳላው።

ለምን ያዳላል? አንዱ ምክንያት ታሪካቸው በደንብ አለመነገሩ ነው። ናዚዎች ቢያንስ 200,000 ሮማዎችን ፈጅተዋል፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚሉም አሉ። ምዕራብ ጀርመን ግን ይህ የዘር ማጥፋት እንደነበር በይፋ ያመነችው በ1982 ነው። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ አንድ ስመ ጥር እንግሊዛዊ ኮሜዲያን በዚሁ እልቂት መቀለዱ መነጋገሪያ ሆነ። ቁጣው የመጣው ኋላ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሲስቅ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይከብዳል። በቆዳ ቀለም መቀለድ ነውር እንደሆነ ዛሬ አብዛኛው ሰው ያውቃል። ቀለሙን መርጦ የተወለደ የለማ! ስለ ሮማ ሲሆን ግን "ዘራቸውን መች ነካሁ፣ አኗኗራቸውን ነው እንጂ" ይልሃል። ይሰርቃሉ፣ ይለምናሉ፣ አንድ ቦታ አይረጉም ይላል። ለስድቡ ሰበብ ተገኘለት ማለት ነው። ሰበብ የተገኘለት ስድብ ተናጋሪውንም ሳቂውንም አይቆረቁረውም።

ይህን እኛ ጎጃሞች አጥተነው አይደለም። ጣና ዳር ያደግን ሰዎች በሐይቁ ዳር ስለሚኖሩት ስለ ወይጦ ሰዎች ያልሰማነው ቀልድ አለ? ዞሮ ዞሮ ሁሉም ጉማሬ በሉ ነው። ጉማሬ ማደኑ ከቀረ ቆየ፤ ቀልዱ ግን አልቀረም። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩልን፣ ለእናቶቻችን የወፍጮ ድንጋይ የጠረቡ፣ ስፌት የሰፉ እነሱ ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። እንዲያም ሆኖ ክርስቲያኑ አብሯቸው አይበላም ነበር። ሙስሊም ነን ሲሉም ሙስሊሙ በሙሉ ልብ አልተቀበላቸውም። ከተማው ወደ ሐይቁ ሲሰፋም የተገፉት እነሱ ናቸው።

ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ። የእነሱ ሰበብ ቡዳ መባላቸው ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን እስከ እኛ ዘመን ደረሰ። ጉሙዞችም አሉ። የሚኖሩበት መተከል የጎጃም አውራጃ ነበረ፤ እነሱም ለባርነት ሲፈነገሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እንግሊዝ አገር ጥቁር ተብሎ የተሰደበ ወገናችን፣ ቅዳሜ በማኅበር ግብዣ ላይ በጉሙዝ ጥቁረት ሲስቅ አይቻለሁ። ይህ ነው የሚያበግነኝ።

አንዳንዶቻችሁ "በጎጃሜስ ይቀለድ የለ፣ ምን ሆንን?" ብላችኋል። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ስለ ጎጃሜ የማይባል የለም። (በማንነቱ የተገደለና የተፈናቀለ አማራ እንዳለ አልዘነጋሁም፤ ያ ከቀልድ ጋር የሚነሳ አይደለም።) እኔ የምጠይቀው ቀልዱ ሲያልቅ ምን እንደሚከተል ነው። ጎጃሜው ከተሳቀበት በኋላ እዚያው ማዕድ ላይ እጁን ይሰዳል። ቤት ይከራያል፣ ልጁን ይድራል፣ ሹመትም ያገኛል። የወይጦው ልጅ ግን ከቀልዱ በኋላም የሚበላበት ዕቃ የሚለይበት ጊዜ ነበረ። ዛሬም ልጅህን ዳርልኝ ቢል የሚሰጠው ሰው ስንት ነው? ሮማውም ማንነቱ ከታወቀ ቤት የሚያከራየው ያጣል። ሁለቱን ቀልዶች እኩል ማየት የማልችለው ለዚህ ነው።

ደግሞም ሮማውም ወይጦውም ቀልዱ ሲነገር ብዙ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የለም። ሥራ ቦታህ ጥቁር አለ፣ ሕንድ አለ፣ አይሁድ አለ፤ ፊት ለፊት ያፈጡበታል። ሮማ ካለም ዝም ብሎ ነው። በእኛ ማኅበርስ የወይጦ ልጅ አባል ሆኖ ያውቃል? ቢሆንስ ወይጦ ነኝ ብሎ ይናገራል?

ወንድሜ፣ አንተ የሰማኸውን ከነቀኑ ጻፈውና ለአለቃህ ስጥ። ብቻህን ከሚከብድህ አንድ የምታምነው ባልደረባ አስከትል። ኮሚቴውን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ለእንቁጣጣሹ ዝግጅት መድረክ ላይ የሚያስቀው ልጅ ሲመረጥ፣ የወይጦና የጉሙዝ ቀልድ እንደማይቀርብ አስቀድሞ ይነገረው። ስለ ጎጃሜ ያሻውን ያውራ፤ እኛ እዚያው ተቀምጠናል፣ መልሱን እንሰጠዋለን።