«የሚጮህ ካርድ ጤነኛ ካርድ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ማርቆስ ኤዲተር፦
ትናንት የግራፊክስ ካርዴን (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረውን የኮምፒውተር ክፍል) ድምፅ እንዴት ልቀንስ ብዬ ጠይቄ ነበር። ያገኘሁት መልስ «የሚጮህ ካርድ ጤነኛ ካርድ ነው፣ ተወው» የሚል ነው። ይህ መልስ አይደለም። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ጥር ላይ ሥራው ሲደራረብ ሬንደሩ (ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል ማውጣቱ) እስኪነጋ ይሄዳል። ማሽኑ ያለው ልጆቼ በሚተኙበት ክፍል ነው፤ ሌላ ክፍል የለኝም። ካርዱ አርኤክስ 580 ነው። ፋኖቹ በደቂቃ 3000 ዙር ሲደርሱ ትንሿ ልጄ ብርድ ልብሱን ጆሮዋ ላይ ትጠቀልላለች። ታዲያ ጤነኛው ማን ነው? አሁንም እጠይቃለሁ፦ የፋብሪካውን ማቀዝቀዣ አውልቄ ትልቅና ጸጥ ያለ ልግጠም ወይስ ልተወው?

ቡሬ ጥገና፦
ያልኩት እኔ ነኝ። ቃሌን አላጥፍም። ያ ካርድ ሙሉ ሥራ ላይ 185 ዋት ይበላል። የበላው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፋኑ ካልሮጠ ሙቀቱ የት ይሂድ? ሞቶ እጄ የገባው ካርድ አብዛኛው ዝም ብሎ የመጣ ነው። ፋኑ ነክሶ የቆመ፣ በአቧራ የታፈነ፣ ወይም ባለቤቱ ድምፅ ጠልቶ ፋኑን በሶፍትዌር ያሰረው። ወፍጮ ዝም ካለ ቆሟል ማለት ነው ልጄ።

ጣና ዳር፦
ጋሼ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው አይተኛም። እርስዎ ድምፅንና ንፋስን አንድ አድርገው ነው የሚያዩት። አንድ አይደሉም። የካርዱ ፋኖች 85 ሚሊ ገደማ ናቸው። ባለ 120ው ፋን አየር የሚገፋበት የገጽ ስፋቱ የዚያን እጥፍ ነው። ስለዚህ ያንኑ አየር ቀስ ብሎ እየዞረ ይገፋል። የአንድ ፋን ዙር በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ጆሮ ለውጡን ወዲያው ያውቀዋል። ካርድ የሚጮኸው ጤነኛ ስለሆነ ሳይሆን ትንሽ ፋን ስለተገጠመለት ነው።

እንጅባራ፦
ስለ አየሩ ካነሳችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የምታነቧቸው የሙከራ ውጤቶች አብዛኞቹ ባሕር ጠለል አካባቢ ባሉ ከተሞች የተለኩ ናቸው። እኛ 2500 ሜትር ላይ ነን። የማርቆስም ከፍታ ከእኛ ብዙ አይለይም። አየሩ ከታች ካለው ከ20 ከመቶ በላይ የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ዙር ሲዞር እዚህ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ጋሼ ስለ ንፋስ መስጋታቸው እውነት አለው። ማቀዝቀዣ የምትገዛ ሰው ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዋት እንዳለ አትመን።

ጣና ዳር፦
ልክ ነው፣ ባሕር ዳርም 1800 ሜትር ላይ ነው። ግን ግማሹን ተውከው። የእንጅባራ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ አንተ ታውቃለህ። ካርዱ የሚስበው አየር እነሱ ከለኩበት ክፍል የቀዘቀዘ ነው። አንዱ የወሰደውን ሌላው ይመልሳል።

ዳንግላ፦
ምን ያጨቃጭቃል? መጀመሪያ አጽዳው! የእኔ ካርድ ልክ እንደዚህ ይጮህ ነበር። ጎሚስታ ቤት ወስጄ በኮምፕረሰር አስነፋሁት። የወጣው አቧራ ሁለት እፍኝ ይሆናል። በ30 ብር ተገላገልኩ።

ቡሬ ጥገና፦
በእግዚአብሔር፣ ይህን ለሰው አትምከር! የጎሚስታ ኮምፕረሰር ውኃና ዘይት ይተፋል። በዚያ ላይ ንፋሱ ፋኑን ከመጠን በላይ ያስሮጠዋል፤ መሽከርከሪያው ይበላል። ከሦስት ወር በኋላ ጩኸቱ በእጥፍ ይመለሳል።

ዳንግላ፦
ጋሼ፣ እኔ ፋኑን በጣቴ ይዤ ነው ያስነፋሁት። ዓመት ሊሆነው ነው፣ ምንም አልሆነም። የጎሚስታ ሙያም ሙያ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ውኃውን አስተንፍሶ ነው ካርዴ ላይ የነፋው። ስሙን ሳያውቁት አይናቁት።

ቡሬ ጥገና፦
ማንንም አልናቅኩም። የአባቴ ሥራ እሱ ነበር። ለጎማ የተሠራ ነገር ለጎማ ይሁን ነው ያልኩት።

ማርቆስ ኤዲተር፦
ወንድሞቼ፣ ካርዴ ጽዱ ነው። ባለፈው ወር ፈትቼ በብሩሽ አጽድቻለሁ፤ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ፔስትም ቀይሬያለሁ። 4 ዲግሪ ቀነሰ፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ወደ ጥያቄዬ ተመለሱልኝ። ሞርፊየስ የሚባለውን ማቀዝቀዣ አይቻለሁ። 12 የሙቀት ቧንቧ አለው፣ ሁለት የ120 ፋን ይቀበላል። ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክልኝ ይችላል። አክሰሌሮ ከሚባለው ሌላ ማቀዝቀዣ ይሻላል የሚሉም አሉ።

ቡሬ ጥገና፦
እሺ፣ ግጠመው እንበል። ቺፑ ይቀዘቅዛል፣ አምኛለሁ። ሜሞሪውንና የኃይል ክፍሉን ማን ያቀዝቅዝልህ? የፋብሪካው ማቀዝቀዣ ሙቀት በሚያስተላልፍ ለስላሳ ፓድ አድርጎ ሁሉንም ይነካቸዋል። እነዚህ ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ግን በሙጫ የሚለጠፉ ትንንሽ ሂትሲንኮች (ሙቀት የሚበትኑ ብረቶች) ይሰጡሃል። አንዷ በሙቀት ለቅቃ ከወደቀች አደጋው ብዙ ነው፦ የተራቆተው ቺፕ ይቃጠላል፣ ወይም ብረቷ ሌላ ቦታ አርፋ ሾርት ታደርጋለች። ብዙ ካርድ ላይ ስክሪኑ የሚያሳይህ የዋናውን ቺፕ ሙቀት ብቻ ነው። 65 ዲግሪ እያየህ ደስ ይልሃል፣ ከጎኑ ያለው እየነደደ ነው። እኔ ጤነኛ ያልኩት ሁሉም ክፍል ንፋስ የሚያገኝበትን ነው።

ጣና ዳር፦
አሁን ገና ቁም ነገር ተናገሩ። በዚህ እስማማለሁ። ግን ይህ «ሁሉም ክፍል ንፋስ ይድረሰው» ነው እንጂ «ይጩህ» አይደለም። ትናንት የጻፉት ሌላ ነው።

እንጅባራ፦
ሌላም ችግር አለ። ሞርፊየስ ፋን ሳይኖረው ነው የሚሸጠው። ፋን ሲጨመርበት አራት የካርድ መሰኪያ ያህል ቦታ ይይዛል። ክብደቱም ካርዱን ወደ ታች ያጎነብሰዋል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀትም ከካርድ ካርድ ይለያያል። ዘመድ ከላከ በኋላ አልገጥምም ቢል ማን ይመልስለታል?

ጣና ዳር፦
ለዚህ ነው እኔ የማልገዛው። ሂትሲንኩን እንዳለ ተወው። ፕላስቲክ ሽፋኑንና ትንንሾቹን ፋኖች ብቻ አንሳ። ሁለት የ120 ፋን አምጥተህ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሂትሲንኩ ላይ እሰር። ፓዱ አይነካም፣ ሜሞሪው እንደ ነበረ ነው። እኔ እንደዚህ አድርጌ 78 የነበረው 70 ገባ፣ ያውም በ1000 ዙር። ሌሊት ከክፍሉ የሚሰማኝ የሰዓቱ ድምፅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። የካርዱ የፋን ሶኬት ትንሽ ነው፣ ለኮምፒውተር ሳጥን የተሠራው የ120 ፋን አይገባበትም። ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካኸው ደግሞ ፋኑ የሚታዘዘው በፕሮሰሰሩ ሙቀት ይሆናል። ካርዱ እየጋለ ፋኑ ያንቀላፋል። ወይ አስተላላፊ ገመድ ፈልግ፣ ወይ በሶፍትዌር ከካርዱ ሙቀት ጋር አያይዘው።

ቡሬ ጥገና፦
በማሰሪያ የታሰረ ካርድ ለደንበኛ አልሰጥም። ነገ ማሰሪያው ተበጥሶ ፋኑ ቢወድቅ የሚወቀሰው ጠጋኙ ነው።

ማርቆስ ኤዲተር፦
እስከዚያው ኃይሉን በሶፍትዌር በ20 ከመቶ ቀንሼ ሞከርኩ። የአንድ ሰዓቱ ሬንደር አራት ደቂቃ ብቻ ዘገየ። ፋኑ ከ2200 አላለፈም። ሳንቲም አላወጣሁም። ትናንት ማንም ይህን አልነገረኝም፤ «ተወው» ነው የተባልኩት።

ዳንግላ፦
ይኸው! ያልታሰበው መፍትሔ እጅህ ላይ ነበር። ግን 2200ም ለተኛ ልጅ ብዙ ነው። ጣና ዳር ያለውን ጨምርበት።

ቡሬ ጥገና፦
ኃይል መቀነሱ ጥሩ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ማሰሪያውን ግን ተው። ካርዱን አምጣልኝ። የፋኑን ልክ ዓይቼ ባለ ጥሩ መሽከርከሪያ ምትክ ፋን እፈልግልሃለሁ። የእጅ አልጠይቅህም። ቃሌ ግን ያው ነው።

ማርቆስ ኤዲተር፦
አክብሮቴ እንዳለ ነው ጋሼ፣ ስለ እጁም አመሰግናለሁ። «የሚጮህ ጤነኛ ነው» ያሏትን እስኪያነሱ ግን ካርዴን ይዤ ቡሬ አልመጣም። ሁለቱን የ120 ፋን እንዲገዛልኝ ዛሬ ወንድሜን አዝዣለሁ።

ቡሬ ጥገና፦
አላነሳም።