የአባቴ ቁስል እየደማ ነው፣ ጎዙም ተጣብቋል! ምን ላድርግ?

የአባቷ_ልጅ፦ እባካችሁ የነቃ ሰው ካለ ቶሎ መልሱልኝ። የአባቴ ቁስል እየደማ ነው። ጎዙ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ፣ ስስበው ጭራሽ ባሰበት። ሁለት ፎጣ ርሷል፣ ሦስተኛውን ይዣለሁ። ደብረ ብርሃን ነን፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ትንሽ እብጠት ነበር፣ ክሊኒክ ስንወስደው ብጉንጅ ነው ብለው በጡት። ከዚያ ወዲህ አልደርቅ አለ፣ ሽታም አምጥቷል።

ዳዊት_ከአዳማ፦ የት ላይ ነው? ሌላ በሽታ አለባቸው?

የአባቷ_ልጅ፦ ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው። የፊንጢጣ ካንሰር ነበረበት። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ተቆርጦ ወጥቶለታል፣ አሁን በሆዱ በኩል በከረጢት ነው የሚጠቀመው። እብጠቱ የወጣው ከታች፣ የተሰፋበት ጠባሳ አጠገብ ነው።

ሲስተር_መ፦ እህቴ፣ ጎዙን አትሳቢው። ላዩ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አጥፈሽ ደርቢና በመዳፍሽ ጫን አድርገሽ ያዢ። ሰዓት እያየሽ 15 ደቂቃ። መሀል ላይ ገልጠሽ እንዳታዪ፣ የረጋው ደም ይነሳል። ሲቆም ሳላይን አፍስሺበትና በደንብ ይራስ፣ ራሱ ይለቃል። ሳላይን ከሌለ ግማሽ ሊትር ውኃ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አፍልተሽ አቀዝቅዢ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? አስፕሪንም ቢሆን ንገሪኝ።

ጌች፦ እኛ ቤት ቡና ነው የምንነሰንስበት፣ ወዲያው ያቆማል።

ሲስተር_መ፦ ጌች ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አይሆንም። ቡናው ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፣ ነገ ማጽዳቱ ሌላ መድማት ነው።

መምህር_ተ፦ ችግራችን ሰገራ ላይ ደም ስናይ ኪንታሮት ነው ብለን መተኛታችን ነው። ወር፣ ሁለት ወር፣ ከዚያ ዓመት። ሐኪሙም አንዳንዴ በጣቱ ሳይመረምር ቅባት ጽፎ ይሸኛል። የሚደማ ሰው፣ የሆድ አመሉ የተለወጠ ሰው፣ ዕድሜው ወጣት ቢሆንም ይታይ። ይህንን ስንት ጊዜ ጻፍኩ!

ዳዊት_ከአዳማ፦ መምህር እውነት ነው፣ ግን ልጅቷ አሁን ደም እያቆመች ነው። እህቴ፣ ጫን አድርገሽ ያዢ፣ 15 ደቂቃ፣ አትግለጪ።

ቢኒ፦ መቼም ከካንሰሩ ጋር እንዳታያይዙት። ካንሰር ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። ቆዳ ላይ አይወጣም። ኢንፌክሽን ነው፣ ጥሩ አንቲባዮቲክ ይጀምር።

ሄለን_ሲያትል፦ ቢኒ፣ እኔም እንደዚህ ነበር የማስበው። እናቴ የፊንጢጣ ካንሰሯ በወጣበት ጠባሳ ላይ ሽንብራ የምታክል ነገር አወጣች። ጠንካራ፣ ቀላ ያለች፣ ስትነካ የማታም። ልብሷን ሳለብሳት ነው እጄ የነካት። ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ወሰደች፣ እብጠቷ ግን አደገች። በኋላ ናሙና ሲወሰድ ከፊንጢጣዋ የመጣው ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ሲስተር_መ፦ አልፎ አልፎ ነው እንጂ ይወጣል። ሆድ ላይ፣ እምብርት ላይ፣ የተሰፋበት ቦታ ላይ፣ ከታች መቀመጫው አካባቢ። ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ። ብጉንጅ ይመስላል፣ አንዳንዴም አልማዝ ባለጭራ የሚባለውን ይመስላል። በዓይን አይለይም፣ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ፣ ማለት በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩት፣ ማየት አለባቸው። ስለዚህ ካንሰር የነበረበት ሰው ጠባሳው አጠገብ አዲስ እብጠት ካወጣ ዝም ብሎ አይበጣም። የእሳቸው ይሄው ነው ለማለት ግን እኔም አልችልም። ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል።

የአባቷ_ልጅ፦ ቀነሰ መሰለኝ። አስፕሪን አይወስድም። አባዬ ደሙን አታሳዩኝ ይላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

ሲስተር_መ፦ ጎበዝ። ነጭ ፎጣ አትጠቀሚ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ አንጥፊለት፣ ደሙ ጎልቶ አይታየውም። ካላቆመ፣ ወይም ካዞረውና ላብ ካሰጠመው፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ 907 ደውለሽ ሆስፒታል ውሰጂው። ቢቆምም ጠዋት ይታይ፣ የሚከታተለው ሐኪምም ይነገረው። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ አስቀድሙት። ናሙናው ካንሰር ነው ካለ ሲቲ ስካን ይደረጋል፣ ኬሞ ይታሰባል። ለሚደማ ቁስል ጨረርም ይሰጣል፣ መድማቱን ይቀንሳል። ለሽታው ፍላጂል ቁስሉ ላይ ይደረጋል፣ አጠቃቀሙን ግን ከሐኪሙ ጠይቂ። ጎዝ ከመቀየርሽ ግማሽ ሰዓት በፊት የታዘዘለትን ማስታገሻ ስጪው።

ሄለን_ሲያትል፦ የማይጣበቅ ጎዝም አለ፣ ፋርማሲ ጠይቂ። ከሌለ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ። እናቴን ያሳረፋት እሱ ነው። አዲስ አበባ ስትመጡ ደግሞ ሆስፒስ ኢትዮጵያን አነጋግሪ፣ ቤት ድረስ እየሄዱ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ናቸው።

ቢኒ፦ እሺ፣ አላወቅሁም ነበር። አባትሽን እግዜር ይማርልሽ።

ዳዊት_ከአዳማ፦ እህቴ፣ ነጋ እኮ። ሆስፒታል ደረሳችሁ?

ሲስተር_መ፦ የውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ። ስታዪው መልሺልኝ።