ጁሪው የዘገየው ለምንድን ነው? ከፌርፋክስ ፍርድ ቤት ሰፈር የቀረበ ጥያቄ

የካፌዋ ገንዘብ ተቀባይ፤ ሰኞ፣ ግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረውም የምሠራውም በቨርጂኒያ ግዛት ፌርፋክስ ውስጥ ነው። የተዋናዩ የጆኒ ዴፕና የቀድሞ ባለቤቱ የአምበር ኸርድ የስም ማጥፋት ክርክር ከሚታይበት ፍርድ ቤት እስከምሠራበት ካፌ ያለው መንገድ በእግር የጥቂት ደቂቃ ነው። እሱ፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት በጋዜጣ ባሳተመችው ጽሑፍ ስሜን አጠፋች ብሎ ከሰሳት፤ እሷም ጠበቃው ስሜን አጠፋ ብላ መልሳ ከሰሰችው። ሚያዝያ 3 የተጀመረው ክርክር ስድስት ሳምንት ያህል ፈጅቶ፣ ባለፈው ዓርብ የሁለቱም ወገን ጠበቆች የመጨረሻ ንግግራቸውን አድርገዋል። ሰባቱ የጁሪ አባላትም (ከነዋሪው መካከል ተመርጠው ክርክሩን ሰምተው የሚፈርዱት ሰዎች) በዚያው ቀን ሁለት ሰዓት ያህል መክረው፣ ዛሬ ሰኞ በዓል በመሆኑ እስከ ነገ ድረስ ወደየቤታቸው ተሰናብተዋል።

የከተማው ሰው ግን ጁሪውን አልጠበቀም፤ ፈርዶ ጨርሷል። ባልደረባዬ ለጨዋታ ብሎ የቲፕ ብርጭቆውን ሁለት አደረገውና በአንዱ የእሱን፣ በሌላው የእሷን ስም ጽፎ ለጠፈበት። የእሱ ብርጭቆ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ይገለበጣል፤ የእሷ ግን ታቹ እንኳ አልተሸፈነም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዲት መካከለኛ ዕድሜ ያላት ደንበኛ ሂሳቧን ከፍላ አንድ ዶላር በእጇ እንደያዘች ሁለቱን ብርጭቆዎች አየቻቸው፣ ከኋላዋ የተሰለፉትን ዞር ብላ አየች፣ ከዚያም ዶላሩን አጥፋ ወደ ኪሷ መልሳ ወጣች። ከዚያ ጀምሮ ነገሩ እንደ ጨዋታ አልታይ ብሎኛል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጁሪው ዓርብ ዕለት አለመወሰኑ ምልክት ነው ወይ? ግማሹ “ቶሎ ካልወሰኑ እሷን አምነዋል ማለት ነው” ሲል፣ ሌላው “የካሳውን መጠን እየተከራከሩ ነው እንጂ ጉዳዩስ አልቋል” ይላል። ሁለተኛ፣ ዳኛዋ ስለ ጉዳዩ ምንም እንዳያነቡና እንዳይሰሙ አስጠንቅቀው ቢያሰናብቷቸውም፣ እነዚህ ሰዎች ሦስት ቀን ሙሉ በቤታቸው ተቀምጠው ይህን ሁሉ ጩኸት ሳይሰሙ መቅረት ይቻላቸዋልን?

የሌሊት ሹፌር፤ ሰኞ ምሽት

እህቴ፣ ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ከማየው ተነስቼ ልመልስልሽ። ባለፉት ሳምንታት ከሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስና ታጣፊ ወንበር የያዙ ሰዎችን ወደዚያ ፍርድ ቤት ብዙ ጊዜ አድርሻለሁ። ችሎቱ ለሕዝብ የከፈተው መቀመጫ አንድ መቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ መግቢያ የሚሆነውን የእጅ አምባር ለማግኘት ሌሊቱን ተሰልፈው ያድሩ ነበር። ከሌላ ግዛት በአውሮፕላን መጥታ ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ሰልፉ ያደረስኳት ወጣት፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ምስክሮቹ በየስማቸው እየጠራች ስትተነትንልኝ፣ የራሷ ቤተሰብ ጉዳይ ነበር የሚመስለው። ግመል የምታህል ባትሆንም ግመል የምትመስለውን አልፓካ የምትባል እንስሳ አስጊጦ በፍርድ ቤቱ በር ያቆመም ሰው ነበር፤ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ታዲያ የጁሪው አባላት ከሌላ ዓለም አልመጡም፤ እንደ እኛው የዚሁ አውራጃ ነዋሪዎች ናቸው። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ጉዳዩን ፈልጋ አታውቅም፣ ነገር ግን ስልኳን በከፈተች ቁጥር ቲክቶክ ተከሳሿ ስታለቅስ የሚያሳይና በላዩ ላይ ሳቅ የተጨመረበት ቪዲዮ ያቀርብላታል። ለእሱ ፍትሕ የሚጠይቀው ሃሽታግ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ታይቷል። ጁሪዎቹ ራሳቸው ስልካቸውን ቢዘጉ እንኳ ልጆቻቸው ይዘጋሉ ወይ? እኔ አይመስለኝም። ካሜራ ወደ ችሎቱ እንዳይገባ የእሷ ጠበቆች ሲቃወሙ ምክንያት ነበራቸው፤ ዳኛዋ ግን ፈቀዱ።

በበኩሌ እሱ የሚያሸንፍ ይመስለኛል፤ እሱ ራሱም ሳይመስለው አይቀርም። ጁሪው ባልወሰነበት በትናንትናው ምሽት እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ከጄፍ ቤክ ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ ጊታር ሲጫወት ታይቷል። የሰጋ ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላምንም።

አንድ ጊዜ ጁሪ የነበርኩ፤ ማክሰኞ ጠዋት

ከአምስት ዓመት በፊት በዚሁ በቨርጂኒያ በአንድ የመኪና አደጋ የካሳ ክርክር ላይ ጁሪ ሆኜ ስለነበር፣ ስለ መዘግየቱ የምለው አለኝ። እኛም ሰባት ነበርን፤ በዚህ ግዛት የፍትሐ ብሔር ጁሪ የሚወስነው በአብላጫ ድምፅ ሳይሆን ሰባቱም በአንድ ቃል ሲስማሙ ነው። ወደ ምክክር ክፍሉ ስንገባ ስልካችንን ሰበሰቡን። በጠረጴዛው ላይ የጠበቀን አንድ ማሰሮ ቡና፣ የዳኛው የጽሑፍ መመሪያና መሞላት ያለበት ቅጽ ነበር። በፊልም እንደምናየው አንዱ ተነስቶ ንግግር ያደርጋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አንድም ሰው አልተነሳም። ሰብሳቢ አድርገን የመረጥናት ጡረታ የወጣች መምህርት መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችልን፤ እሱ ብቻ አርባ ደቂቃ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን የፈጀብን ማን ዋሸ፣ ማን እውነት ተናገረ የሚለው አልነበረም። “ምክንያታዊ ጥንቃቄ” የሚለው ሐረግ በዝናብ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ነበር የተከራከርነው። ለዳኛው በወረቀት ጽፈን ብንጠይቅ፣ የተሰጣችሁን መመሪያ ደግማችሁ አንብቡ የሚል መልስ መጣልን። በውጭ ኮሪደር ላይ የተቀመጡት ተከራካሪዎች የእኛን መዘግየት እንዴት እየተረጎሙት እንደነበር ያወቅሁት ሲያልቅ ነው፤ ከሳሹ ተሸነፍኩ ብሎ እያለቀሰ ነበር፣ እኛ ግን ለእሱ ከወሰንን ሁለት ሰዓት አልፎን ሂሳብ እየደመርን ነበር።

በዚህኛው ጉዳይ ደግሞ የሚሞላው ቅጽ ከእኛው እጅግ የረዘመ ነው። በእሱ ክስ ሦስት አባባሎች፣ በእሷ የተከሳሽ ከሳሽነት ደግሞ የቀድሞ ጠበቃው የተናገራቸው ሌሎች ሦስት አባባሎች አሉ። ለእያንዳንዳቸው አባባሉ ስለ እሱ ወይም ስለ እሷ ነው ወይ፣ ሐሰት ነው ወይ፣ የሰማው ሰው እንዲያ ተረድቶታል ወይ እያሉ በተራ መመለስ አለባቸው። ስለዚህ እህቴ፣ ከዓርቡ ሁለት ሰዓት ምንም ልታነቢ አትችዪም።

ወንድሜ ሹፌሩ ስለ ስልክ ያልከው ግን ልክ ነህ። ባለቤቴ እራት ላይ “ዛሬስ ምን ተባለ?” ስትለኝ አልነግርሽም በማለቴ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር፤ ያውም ማንም ስለማያውቀው የመኪና አደጋ።

የሕግ ባለሙያ ከአዲስ አበባ፤ ማክሰኞ

ውይይቱን በጉጉት ተከታተልኩት። ብዙ ሰው “እንግሊዝ አገር ተሸንፎ የለም እንዴ? አሁን እንዴት ሊያሸንፍ ይችላል?” ሲል ስለሰማሁ ልዩነቱን ላስረዳ። በለንደን እሱ የከሰሰው እሷን ሳይሆን ሚስት ደብዳቢ ብሎ የጻፈበትን ዘ ሰን የተባለውን ጋዜጣ ነበር፤ የጻፈው እውነት መሆኑን የማስረዳት ሸክምም በጋዜጣው ላይ ወደቀ። ጁሪ አልነበረም፤ አንድ ዳኛ ብቻ ማስረጃውን መርምረው፣ በኅዳር 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጽሑፉ በመሠረቱ እውነት ነው ሲሉ በዝርዝር ምክንያት ወሰኑ። በአሜሪካ ግን ሸክሙ የከሳሹ ነው፤ ያውም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ታይምስና በሳሊቫን ጉዳይ ከሰጠው ፍርድና እሱን ከተከተሉት ፍርዶች ወዲህ፣ ታዋቂ ሰው ስሜ ጠፋ ብሎ ሲከስ የተነገረው ሐሰት መሆኑን ማሳየት ብቻ አይበቃውም። ተናጋሪው ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይሰጠው መናገሩን በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማረጋገጥ አለበት። በወረቀት ላይ ስናየው በአሜሪካ ማሸነፍ ከለንደኑ የከበደ ነው፤ እሷ በ2018 በዋሽንግተን ፖስት ባሳተመችው ጽሑፍ ውስጥ ስሙ እንኳ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም።

ሁለቱም ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ሰዎች ፌርፋክስ ምን አመጣቸው ለሚል ደግሞ፣ መልሱ ከእናንተው ሰፈር ነው፤ ጋዜጣው የሚታተምበት ማተሚያ ቤትና ኮምፒውተሮቹ በዚያው አውራጃ ይገኛሉ። ስፕሪንግፊልድ የምትኖሩ ወገኖች በማተሚያ ቤቱ አጠገብ ሳታልፉ አትቀሩም። የካሊፎርኒያ ሕግ ንግግርን መነሻ ያደረጉ ክሶችን በጠዋቱ ውድቅ ለማስደረግ ለተከሳሽ የተሻለ መንገድ ስለሚሰጥ፣ የከሳሽ ጠበቆች ቨርጂኒያን መምረጣቸው የሚያስገርም አይደለም።

በእኛ አገር ሕግ ስም ማጥፋት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 የተደነገገ ሲሆን፣ ያው ሕግ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ በአንድ ሺህ ብር ወስኖታል። እሱ 50 ሚሊዮን ዶላር፣ እሷ 100 ሚሊዮን ዶላር መጠየቃቸውን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ይስቃሉ።

ስለ ሕዝቡ ፍርድ አንድ ነገር ልጨምር። እኛም አገር ተሟጋቾች በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፣ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው በላ ልበልሃ እያሉ የሚሟገቱበት ዘመን ነበር። ነገር ግን ያ የመንገድ ዳኛ ሁለቱንም ተሟጋቾች ዓይናቸውን እያየ፣ ሙግታቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ ይሰማ ነበር። የእናንተ ካፌ ደንበኞች ከስድስት ሳምንት ክርክር ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሰሙ ብትጠይቂያቸው ጥሩ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሆንኩ እናት፤ ማክሰኞ ከሰዓት

ማን እውነት እንደተናገረ አላውቅም፤ ለመፍረድም አልመጣሁም። ሹፌሩ ወንድማችን ስለ ልጃቸው የጻፉትን ሳነብ ግን አንድ ነገር ማለት ፈለግሁ። በማኅበራችን ውስጥ በትዳሯ የደረሰባትን ለቄስም ለዘመድም መናገር ያቃታት ሴት ጥቂት አይደለችም፤ እኔም ለዓመታት እንዲያ ነበርኩ። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ በዚህ ሰሞን በፀጉር ቤት ወይም በለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳቁን ስትሰማ የምታስበው ስለ ተዋናይቱ አይደለም። ዶላሯን ወደ ኪሷ የመለሰችው ደንበኛሽ ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ለምን እንደመለሰች ግን የገባኝ ይመስለኛል። ሹፌሩ ወንድሜ፣ ልጅዎ ቪዲዮውን ስታይ ከጎኗ ተቀምጠው “አንቺ ምን ይመስልሻል?” ብለው ቢጠይቋት ደስ ይለኛል።

የሌሊት ሹፌር፤ ማክሰኞ ምሽት

እሺ እናቴ፣ እጠይቃታለሁ። ትናንት ስጽፍ ያላሰብኩት ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ጁሪ የነበርኩ፤ ማክሰኞ ምሽት

ዛሬ ጁሪው ለዳኛዋ ጥያቄ ጽፎ መላኩን ሰምታችኋል? የጠየቁት ስለ ጽሑፉ ርዕስ ነው፤ ሐሰት ነው ወይስ አይደለም ብለው ሲወስኑ ርዕሱን ብቻ ይመልከቱ ወይስ ሙሉውን ጽሑፍ? ዳኛዋም ርዕሱን ነው ብለው መለሱላቸው። እንግዲህ ውጭ ያለው ሰው ስለ እንባውና ስለ ጠበቆቹ ሲጨቃጨቅ፣ ውስጥ ያሉት በመጀመሪያው አባባል ላይ ቃል እየመረመሩ ነው። እሷ ርዕሱን ራሷ ባትጽፈውም በትዊተር ገጿ መልሳ ስላጋራችው ነው በክሱ የተካተተው፤ በእሱ ቢቆሙ አልፈርድባቸውም።

የካፌዋ ገንዘብ ተቀባይ፤ ረቡዕ፣ ግንቦት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውሳኔው ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነበባል ሲባል ካፌው መቆሚያ አጣ፤ ባለቤቱም ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ቡና ማፍላቱን አስቆመን። ሰባቱ ገብተው ተቀመጡ፣ ዳኛዋ ወረቀቱን አገላበጡና የካሳው መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ስለሆነ ሞልታችሁ ተመለሱ ብለው መልሰው ላኳቸው። ወንድሜ፣ ስለ ቅጹ የነገርከኝ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ግን ያንን ባዶ ቦታ እንኳ ለመተርጎም አፍታ አልፈጀባቸውም። አንዱ “ተለወጠ!” ብሎ ጮኸ።

ተመልሰው ሲገቡ በሦስቱም አባባሎች ለእሱ ፈረዱ፤ 10 ሚሊዮን ዶላር ካሳና 5 ሚሊዮን ዶላር የመቅጫ ካሳ። የመቅጫው ካሳ ግን በቨርጂኒያ ሕግ ጣሪያ ምክንያት ወደ 350,000 ዶላር ወርዷል። ከእሷ ሦስት አባባሎች ደግሞ በአንዱ ለእሷ ፈርደው 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላት ወሰኑ። የመጀመሪያው ሲነበብ ጭብጨባው ከመንገድ ይሰማ ነበር፤ የእሷ ሲነበብ ግማሹ ሰው ወጥቶ ሄዷል። ባልደረባዬ ማታ የሁለቱንም ብርጭቆ ገንዘብ አንድ ላይ ገልብጦ እንደ ወትሮው በሰዓታችን አካፈለን። የተለጠፉትን ስሞች እኔ በሙቅ ውኃ ፋቅኋቸው።

ለሕግ ባለሙያው የምጠይቀው አንድ ነገር ቀረኝ፦ አንድ ጁሪ በአንድ ቀን ሁለቱም የሌላውን ስም አጥፍተዋል ብሎ ሲወስን፣ በሕግ ዓይን እርስ በርሱ አይጋጭምን?

የሕግ ባለሙያ ከአዲስ አበባ፤ ሐሙስ

አይጋጭም እህቴ፣ የተጠየቁት ስለ ተለያዩ አባባሎች ነውና። የእሷ ክስ የተመሠረተው ጠበቃው በተናገራቸው ሦስት ነገሮች ላይ ነው፤ ጁሪው ሁለቱን አልተቀበለም። ለእሷ የፈረደው እሷና ጓደኞቿ ፖሊስ ለማሳሳት ቤቱን ሆን ብለው አበላሽተው አዘጋጁ በሚለው የጠበቃው ንግግር ብቻ ነው፣ ማለትም ይህኛው ሐሰት ነው ማለቱ ነው። ይህን ከሌላው ውሳኔ ጋር ማስታረቅ እንደማይቻል የሚከራከሩ ጠበቆች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ ይግባኝ ከተባለ ያንን ነጥብ ሳያነሱት አይቀሩም።