ሪዮሃ (ስፔን) በካምፐር ከእናቴ ጋር ልንዞር ነው፣ የምታውቁ ምከሩኝ

የከዚራው
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። እህቴ ቢልባኦ ነው የምትኖረው፣ እንቁጣጣሽን እዚሁ ድሬ አክብረን እኔና እማዬ እሷጋ እንሄዳለን፣ ቪዛውም ወጥቷል ተመስገን። የእህቴ ባል ካምፐር ተከራይቶ (ያው አልጋ፣ ኩሽና፣ ሽንት ቤት ያለው ትልቁ መኪና) ሪዮሃ የሚባለውን የወይን አገር አምስት ቀን ላዙራችሁ ብሏል። እኔን ያስጨነቀኝ መንደሮቹ የጥንት ናቸው፣ መንገዳቸው ጠባብ ነው ሲሉ ነው፣ ሰባት ሜትር መኪና ይዘን የት እንገባለን? እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፣ ረቡዕና አርብ ትጾማለች፣ ወይን ጠጅ የሚባል አትቀምስም። ከድሬ ርቃ የሄደችው ቢበዛ አዲስ አበባ ነው፣ ስለዚ ደስ ብሏት እንድትመለስ ነው የምፈልገው።

ጁገል የበቀለ
አቦ እንኳን ደስ አላችሁ! እኔ ተወልጄ ያደኩት ሐረር ጁገል ውስጥ ነው፣ አሁን የሪዮሃ ዋና ከተማ ሎግሮኞ ነኝ። ሌላውን ሁሉ ብትተው እንኳ ላጓርዲያን አትለፋት። ኮረብታ ላይ ያለች በግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ናት፣ አምስት በር አላት፣ እንደኛ ጁገል የጥንቶቹ አምስት በሮች፣ መጀመሪያ ቀን ስገባ አገሬ የገባሁ መስሎኝ እንባዬ ነው የመጣው። መኪና ወደ ውስጥ አይገባም፣ እና ምክንያቱ የመንገዱ ጥበት ብቻ አይደለም፣ ከቤቶቹ ስር መሬቱ በሙሉ በዋሻ የተቦረቦረ ነው። ድሮ በጦርነት ጊዜ ሰው የሚደበቅበት ነበር፣ በኋላ ወይን ጠጅ ማቆያ አደረጉት፣ ከላይ ከባድ መኪና ቢመላለስበት አይችልም። ስለዚ ካምፐሩ ከግንቡ ውጪ ይቆማል፣ እናታችንን ግን በሩ አጠገብ አውርዷቸው ዳገቱን እንዳይወጡት። የጁገሉን ጠባብ መንገድ መኪና ግርግርንስ በአይሱዙ ማን ይገባዋል፣ በእግር ነው። ውስጥ የቅድስት ማርያም ቤተክርስቲያን አለ፣ በሩ ላይ ሐዋርያት ከድንጋይ ተቀርጸዋል፣ ቅርጹ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው ቀለሙን የቀቡት ደግሞ በ17ኛው፣ ዝናብና ፀሐይ ስለማያገኘው ቀለሙ እስካሁን ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዛ ጋ ጊዜ ስጧቸው፣ አታጣድፏቸው።

ሳቢያን 2
እኔ በበኩሌ ካምፐሩ አያስፈልግም ባይ ነኝ፣ ሀሮ ከምትባለው የሪዮሃ ከተማ ሎግሮኞ 45 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ከድሬ ሐረር ያንሳል፣ በትንሽ መኪና ዞሮ ማታ ፔንሲዮን ማደር ይቀላል በተለይ ጉልበት ለሚያመው ሰው፣ የካምፐር ደረጃ ከፍ ያለ ነው።

የለገሃር እናት
ሳቢያን ያለው ደረጃ እውነት ነው፣ መወጣጫ በርጩማ ያዙ። ግን እኔ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር በካምፐር ሄጃለሁ፣ ለእናት ከሆቴል የሚሻለው ለምን መሰለህ፣ ኩሽናው! የሪዮሃ ድንች ወጥ ራሱ ቋሊማ አለበት፣ ለጾም ቀን የሚሆን ምግብ ፍለጋ ከምትንከራተት ሽሮዋን ራሷ ትሰራለች። በርበሬና ሽሮ ያዙ፣ ቅቤና ቋንጣ ግን በፍጹም፣ ስጋና የወተት ነገር አውሮፓ ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል። ስትነዱ ጋዙን መዝጋት እንዳይረሳ። ሌላው ደግሞ ስፔን ውስጥ መኪና ማቆምና መስፈር ለየብቻ ነው፣ መኪናው ቆሞ ውስጡ ብትተኙ ችግር የለውም፣ ወንበርና ጠረጴዛ ደጅ ካወጣችሁ፣ ድንኳኑን ከዘረጋችሁ ግን ካምፕ አድርጋችኋል ተብሎ ቅጣት አለው፣ ለሱ ካምፒንግ (የተፈቀደ መስፈሪያ) ግቡ። የእቃ እጥበቱንና የሽንት ቤቱን ቆሻሻ የምትደፉበት የካምፐር ቦታ በብዙ ከተማ አለ፣ ሌላ ቦታ አይደፋም። ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ በጀሪካን ያደገ የድሬ ሰው ስለሆናችሁ አይከብዳችሁም። ከሰዓት ከ8 እስከ 11 በኛ አቆጣጠር አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፣ ልክ ድሬ በሙቀቱ ሰዓት፣ የሚገዛ ነገር ጠዋት ግዙ።

ቁልቢ በእግሬ
እናትህ የቁልቢ ተሳላሚ ከሆኑ ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ የምትባል የሪዮሃ ከተማ ውሰዳቸው። ወደ ሳንቲያጎ (የስፔን ትልቁ የተሳላሚ ከተማ) በእግር የሚሄዱት ምዕመናን በዛ ነው የሚያልፉት፣ ዱላና ሻንጣ ይዘው ስታያቸው ለገብርኤል ቁልቢ የሚወጣውን ሰው ነው የሚያስታውስህ። ካቴድራሉ ውስጥ ደግሞ በሕይወት ያሉ ነጭ አውራ ዶሮና ሴት ዶሮ ይኖራሉ! ታሪኩ እንዲ ነው፣ ከእናት አባቱ ጋር ሊሳለም የሄደ ወጣት አንዲት ልጅ ወዳው እምቢ ሲላት ብር እቃ ሻንጣው ውስጥ ከታ ሰረቀ አለችና ተሰቀለ፣ ወላጆቹ ተሳልመው ሲመለሱ ግን በቅዱስ ዶሚንጎ ተራዳኢነት በሕይወት አገኙት፣ ዳኛው ምሳ ላይ ነበርና "ልጃችሁ በሕይወት ካለ ይሄ የተጠበሰው ዶሮም አለ" ከማለቱ ዶሮው ተነስቶ ጮኸ።

የከዚራው
ይሄን ለእማዬ አነበብኩላትና ጉልበቴን አላመመኝም መቼ ነው የምንሄደው እያለች ነው። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሰው ሁሉ ወይን ሲጠጣ እሷ ምን ትዘዝ? ባዶ እጇን ስትቀመጥ ማየት አልፈልግም።

ጁገል የበቀለ
"ሞስቶ" በላቸው፣ ያልፈላ የወይን ጭማቂ ነው፣ አልኮል የለውም፣ ሎግሮኞ ውስጥ ብዙ ባር ቤት ያቀርበዋል፣ ትልልቅ ሰዎችም ሕጻናትም ይጠጡታል። የምትመጡት ደግሞ ልክ ወይን ለቀማ ላይ ነው፣ ሴፕቴምበር 21 አካባቢ የሳን ማቴዎ በዓል አለ፣ ወይኑን አደባባይ ላይ በባዶ እግር ረግጠው የመጀመሪያውን ጭማቂ ለእመቤታችን ይሰጣሉ። ያን ቀን ካምፐር ማቆሚያ ጭንቅ ነው፣ በጠዋት ግቡ። ስትደርሱ እዚሁ ጻፍልኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ እናታችንን እኔ እቀበላቸዋለሁ።