ባንክ የገባው ገንዘብ ከሽያጭ መዝገቡ ሲበልጥ

ጥያቄ፦ የአንድ ደንበኛ የባንክ ገቢ ከሽያጭ መዝገቡ በለጠ። ግብር ማሳወቂያው ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ ሽያጭ ያልሆነውን ከባንክ መግለጫው ለይተህ አውጣ፦ ብድር፣ ባለቤቱ ከኪሱ የጨመረው፣ ከራሱ አንድ ሒሳብ ወደ ሌላው ያዛወረው (ይሄኛው በብዛት ይረሳል)። ቀጥሎ ባለፈው ዓመት በዱቤ ተሽጦ ዘንድሮ የተሰበሰበውን ፈልግ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ካለም ልብ በል፤ ባንክ የሚገባው ታክሱን ጨምሮ ነው፣ መዝገቡ ግን ብዙ ጊዜ ያለታክሱ ነው።

መልስ 2፦ የቀረው ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል። 540ን 450 ብለህ ብትጽፍ ልዩነቱ 90 ነው። አለዚያ ልዩነቱን ለ2 አካፍለህ ውጤቱን መዝገቡ ውስጥ ፈልግ፤ ከተገኘ ዴቢቱ (በሒሳቡ ግራ በኩል የሚጻፈው) በክሬዲት (በቀኝ በኩል)፣ ወይም ክሬዲቱ በዴቢት ተመዝግቦ ይሆናል።

መልስ 3፦ ምንጩ ያልታወቀ ገቢን «ብድር ነው» ብሎ መዝጋት አደገኛ ነው፤ የብድር ውሉን ጠይቅ። ጥያቄዎችህን በየሰዓቱ ከመደወል ቀንና መጠን ጠቅሰህ ለደንበኛው በአንድ ወረቀት ላክለት፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። ብድር ካለ ደግሞ ወጪ የሚሆነው ወለዱ ብቻ ነው፣ ዋናው አይደለም።